አንድ ድምፅ ያለው ዋሽንት

የሺመቤት ጂንካ ገበያ ዳር ጨርቅ መሸጥ ከጀመረች አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆኗታል፤ ከከተማው በላይ ያለውን ደን ግን ከሱቋ ደጃፍ ሆና ከማየት በቀር ረግጣው አታውቅም። ወደዚያ የወሰዳት ስምዖን ነው፤ የአሪ ገበሬና የቆየ ደንበኛዋ። አንድ ቅዳሜ ጨርቁን እስክትለካለት ድረስ ከከረጢቱ ክንድ የሚያህል የቀርከሃ ዋሽንት አወጣና ነፋ። የጣት ቀዳዳ የለውም፤ የወጣውም አንድ ድምፅ ብቻ ነው። ቀሪውን ዜማ ለምን እንደማይጫወት ጠየቀችው።

«ቀሪው ሌሎች ሰዎች ጋ ነው፣ እትዬ» አላት።

ነገሩ ሲከነክናት ሰነበተ። በሳምንቱ ሰኞ ሱቋን ዘግታ፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሥራ ተከተለችው።

ደኑ ከሩቅ እንደሚመስለው ጭር ያለ አልነበረም። ጉሬዛዎች ሲዘሉ ዛፉ ይናወጣል፤ ከገደሉ ሥር የማይታይ ውሃ ይሰማል። የሺመቤት ያየችውን ሁሉ ትጠይቃለች፦ ይህ ቅጠል ምን ይባላል? ያ ዛፍ ላይ የተሰቀለው ቀፎ የማን ነው? ስምዖን የሚያውቀውን በአሪኛ ስሙ ይነግራታል፣ የማያውቀውን አላውቅም ይላል። ዳገቱ ላይ የጫማዋ ማሰሪያ ቢበጠስ በልጥ አሠረላት። ቀርከሃ የበዛበት ቦታ ሲደርሱ ለዋሽንት የሚሆነውን ለመምረጥ ግንዶቹን በጣቱ እያንኳኳ ጆሮውን ያስጠጋ ጀመር። እሷም አንኳኳች። አንዱ የሌላውን ድምፅ አይመልስም።

ከሰዓት በኋላ ወደ ስምዖን አክስት፣ ወደ ሣራ ቤት ወረዱ። ስምዖንን ጨምሮ ስምንት ሰዎች ክብ ሠርተው ተቀመጡ፤ የአንዱ ዋሽንት ስንዝር፣ የሌላው ቁመተ ሰው ያህላል። አድማጮቹ ሁለቱ ሴቶች ብቻ ናቸው። መንፋት ሲጀምሩ ቤቱ በዜማ ሞላ።

የሺመቤት ዜማውን የሚያወጣው የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ከአንዱ ጀርባ ተጠጋች፤ ቱ፣ ቱ ብቻ። ወደ ሌላው ዞረች፤ እዚያም ያው ነው። ሣራ ይህን አይታ አንዱን ተጫዋች እንዲያቆም በእጇ ጠቀሰችው። ወዲያው ዜማው ጥርሱ እንደወለቀ ሰው ሆነ። ሣራ የዝም ባዩን ዋሽንት ተቀብላ ለእንግዳዋ ሰጠቻት።

«መቼ ልንፋው?»

«የጎደለ ሲመስልሽ» አለቻት።

መጀመሪያ ትንፋሽ ብቻ ወጣ። ቀጥሎ ቀደመች፤ ሰዎቹ መንፋታቸውን ሳያቋርጡ በዓይናቸው ሳቁባት። ከዚያ ዓይኗን ጨፍና ቆየችና አንዴ ነፋች። ድምፁ ቦታው ገባ። በመገረሟ የሚቀጥለው አመለጣት፤ ከዚያ በኋላ ግን ሁለቴም ሦስቴም ተሳካላት።

ሲያበቁ፣ ስትነፋው የነበረው ዘፈን ስለ ምን እንደሆነ ጠየቀች። የጎረቤት እንሰት ስለበላች ላም ነው አሏት። የሺመቤት ሳቀችና፣ ላሟ ኋላ ምን እንደደረሰባት እንዲነግሯት ዋሽንቱን ሳትመልስ መሐላቸው ተቀመጠች።