ለአባቴ የምትሆን አይሲ

አባቴ ጩማ የፊት ጥርሶቹ ካለቁ ወዲህ ሁለት ነገር አኩርፏል፤ ጥሬ ሥጋንና እግዚአብሔርን። ከሥጋው ጋር በክትፎ ታርቋል። እግዚአብሔርን ግን እስካሁን ይቅር አላለውም፤ ጥርስ የሌለው ሰው ከንፈሩን አጥብቆ ዲንካ መንፋት አይችልማ።

ዲንካ ለማታውቁት፣ ጫፉ ላይ ቀንድ ያለው ረጅም የቀርከሃ መለከት ነው። አንዱ ዲንካ የሚያወጣው አንድ ድምፅ ብቻ ነው። ዜማ የሚሆነው ነፊዎቹ ተደርድረው እያንዳንዱ የራሱን ድምፅ በተራው ጣል ሲያደርግ ነው። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ የነፋው ያችኑ አንድ ድምፅ ነው። እሱ ከሰልፉ ሲወጣ የመንደራችን የተበላ ነፊዎች ምትክ ፈለጉ፤ ወጣቱ ሁሉ ባጃጅ ላይ ስለሆነ አላገኙም። ዜማው መሃሉ ላይ ቀዳዳ ይዞ ቀረ። ዘንድሮ ለወላይታ ዘመን መለወጫ፣ ለጊፋታ፣ ሶዶ ስታዲየም እንዲነፉ ሲጠሩ፣ አባቴ ቆሞ ለማየት እንኳን እንደማይሄድ ተናገረ።

"የራሴን ቀብር ተሰልፌ አላይም" አለ።

እኔ ልጁ ኢሳይያስ ሶዶ ውስጥ ሆቴል ቤት ጊታር እጫወታለሁ። እንግዶቹ ሹካቸውን ሳያስቀምጡ ነው የሚያዳምጡኝ፤ ቢሆንም ራሴን አልንቅም። ጊታሬን እንደ ቀንድ የሚያስጮህ፣ በእግር የሚረገጥ ፔዳል ባገኝ ያንን ቀዳዳ እኔ እሞላዋለሁ አልኩ። አባቴ ሳቀ። ከዚያ፣ ድምፁ የእሱ መሆኑን ካመነበት ብቻ ስታዲየም እንደሚሄድ ቃል ገባልኝ።

ፔዳል የሚሠራልኝ ቢላል ነው። ቤተሰቦቹ ከስልጤ መጥተው ሶዶ ገበያ አጠገብ የሬዲዮ ዕቃ ሱቅ ከከፈቱ ቆይተዋል። ሱቁ ውስጥ የሞተ ቴፕና የሞተ ስታቢላይዘር እስከ ጣሪያ ተቆልሏል፤ ቢላል የእነሱን ሆድ ዕቃ እየነቀለ ለሌላው ሕይወት ይሰጣል። ፔዳሌን የሠራው በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ነው። ክዳኑ ላይ ፈገግ ያለች ፈረንጅ ልጅ አለች፤ ፔዳሉን ለማብራት ግንባሯን መርገጥ ያስፈልጋል።

የፔዳሉ ልብ ኦፕ-አምፕ የሚሏት አይሲ ናት። ስምንት እግር ያላት፣ በረሮ የምታክል ጥቁር የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ናት። የጊታሩን ቀጭን ድምፅ ተቀብላ ታጎላዋለች፤ ከመጠን በላይ ሲያስጎሏት ደግሞ ትጮኻለች፤ እኛ የምንፈልገውም ጩኸቷን ነው። ቢላል በብየዳ አላጣበቃትም። ካልተስማማችን ነቅሎ ሌላ ለመሰካት ብሎ መሰኪያ ላይ አስቀመጣት።

"4558 አድርግልኝ" አልኩት። ኢንተርኔት ላይ ሰዎች በዚች ቁጥር አይሲ ሲምሉ አይቻለሁ።

"እሷ ሁለት ሆና ነው አንድ ቤት የምትኖረው። ይሄ መሰኪያ የነጠላ ነው፤ እግራቸው አይገጥምም። የማታውቀውን ቁጥር እየጠራህ አታድክመኝ" አለኝና 5534 ሰካ። ከአዲስ አበባ የመጣች አዲስ፣ ጨዋ አይሲ ናት።

ሚኒባስ ይዤ ተበላ ወረድኩ። አባቴ ማንጎው ሥር ተቀምጧል። ቻርጅ የሚደረገውን ትንሹን የድምፅ ማጉያ፣ አምፑን፣ አስቀምጬ፣ የልጅቷን ግንባር ረግጬ፣ የዲንካውን ዜማ ከላይ እስከ ታች ተጫወትኩለት። ጨዋታው እንዳይደርቅ መሃል መሃል ላይ የራሴንም ጣል አደረግኩበት። አባቴ እስክጨርስ በትዕግሥት ጠበቀ።

"ታጥቧል" አለ በወላይትኛ። "ቀንድ ሳሙና አያውቅም። አንተ ደግሞ ብዙ ታወራለህ።"

ለቢላል የሳሙናውን ብቻ ነገርኩት። የቀረውን የሽማግሌ ነገር ነው ብዬ ተውኩት።

ቢላል ከአሮጌ የድምፅ ሚክሰር 071 የምትባለዋን ነቅሎ ሰካ። ይቺ ተናካሽ ናት። እንደገና ወረድኩ፣ እንደገና ከላይ እስከ ታች ተጫወትኩ፤ ያሁኑስ የልቤን ነበር፣ ጎረቤት ሁሉ አጥር ላይ ወጥቷል። አባቴ አላጨበጨበም።

"ሞተር ሳይክል ነው። ተራህንም አትጠብቅም" አለኝ።

"አይሲዋ ናት" አልኩት።

"አይሲ ማለት አንተ ነህ?" ሲለኝ ተናድጄ ዕቃዬን ሰበሰብኩ። ቢላል ሱቅ ገብቼ ቆርቆሮውን ባንኮኒው ላይ ወረወርኩና የሞተ ነገር እየለቀመ እንደሚሸጥልኝ ነገርኩት። ቢላልም ሱቁን ለእህቱ ለናጂያ ትቶ ቆርቆሮውን፣ አይሲዎቹንና መንቀያውን ከረጢት ውስጥ ከተተ።

"እኔ ራሴ እሰማቸዋለሁ። አንተ ከተበላ ሶዶ እስክትደርስ ወሬው ይበላሻል" አለ።

ተበላ ስንደርስ ቢላል ከአባቴ እግር ሥር ተቀመጠ። "አባባ፣ ሲነፉ ምን ይቀድማል?" ብሎ ጠየቀው። እኔ እስከዛሬ ጠይቄው አላውቅም።

አባቴ ጉንጩን ነፍቶ አሳየው። "መጀመሪያ ትንፋሽ ይመጣል። ቀጥሎ ድምፁ ይነሳል፤ ጠርዝ የለውም። የዚህ ልጅ ግን በር ሲሰበር ነው የሚመስለው።"

ቢላል ከረጢቱን በርብሮ ከሞተ ስታቢላይዘር የነቀላትን 741 አወጣ። የድሮ ናት፣ ቀርፋፋ ናት፤ ፈጥና ስለማትደርስ የድምፁን ሹል ጫፍ ታደበዝዘዋለች። ኢንተርኔት ላይ የሚሰድቧት እሷን ነው። ይቺን ለአባቴ ማምጣት ነውር ነው ብዬ ተከራከርኩ። ቢላል አልሰማኝም፤ 071ን ነቅሎ ቀርፋፋዋን ሰካ።

ቢላል ጊታር መጫወት አይችልም። ስለዚህ ለመፈተን ያህል ወፍራሟን ክር በአውራ ጣቱ አንድ ጊዜ ብቻ ጎተታትና ለቀቃት።

አባቴ ቀና አለ። "ድገመው" አለ። ቢላል ደገመው። "ትንሽ ዝቅ።" የጊታሩን ክር መወጠሪያ እኔ ላላ አደረግኩ። "ትንሽ። አሁን በቃ።" ድምፁ ከማንጎው ሥር ተነስቶ በጓሮ በኩል ሲሄድ፣ አባቴ በጣቱ ከንፈሩን ነካ። ዓይኑ ሞላ።

"የእኔ ነው" አለ።

እኔ ደስታዬ ገነፈለና ጊታሩን ከቢላል ቀማሁ። ዜማውን ከላይ እስከ ታች ልጀምር ስል አባቴ እጄን ያዘኝ።

"ስጠኝ" አለ።

"አባ፣ አንተ ጊታር መቼ ቻልክ?"

"አንድ ክር ናት። አንድ ጣት አለኝ። ጥርስ አያስፈልጋት።"

ቢላል መሬት መሬቱን እያየ ይስቃል። ለካ አባቴ ከመጀመሪያው ቀን ሲነግረኝ የነበረው ይህንኑ ነው፤ አንድ ድምፅ፣ በተራዋ። እኔ ግን የነፊዎቹን ሁሉ ቦታ ይዤ ቀዳዳ እሞላለሁ እያልኩ እፎክር ነበር። አፈርኩ። ጊታሩን አንገቱ ላይ አጠለቅኩለት።

ለጊፋታ ስታዲየሙ ጢም ብሏል። የተበላ ነፊዎች ተደርድረው ቆሙ፤ አባቴም ጊታሩን አንግቶ በድሮ ቦታው፣ ከጓደኛው ከጋሽ ቶማ አጠገብ ቆመ። የሚያየው ሰው ሁሉ ይስቃል። እኔ ቀዩን የሆቴል ሸሚዜን ለብሼ፣ አምፑን ትከሻዬ ላይ ተሸክሜ ከኋላው ነኝ።

ዜማው ከወዲያ ጫፍ ተነሳ። አንዱ ጣለ፣ ሌላው ተቀበለ፣ ወደ ቀዳዳው ደረሰ። አባቴ ባዶ ድዱን ጨክኖ ገጠመ፣ ጉንጩን ነፋ፣ የልጅቷን ግንባር ረገጠና ክሯን ለቀቃት። አምፑ ትከሻዬ ላይ ተርገበገበ፤ የአባቴ ድምፅ በእኔ አጥንት አልፎ ሄደ። ቶማ ወዲያው ከእሱ ተቀበለ። ሳቁ ቆመ። እኔ አለቀስኩ፤ ፊቴን አምፑ ስለሸፈነው ግን ማንም አላየኝም።

ሲጨርሱ ሕዝቡ ከበበው። አባቴ ጊታሩን ለእኔ አልመለሰልኝም። ጠጋ ብሎ በጆሮዬ አወራኝ።

"ልፋ ሲልህ ተሸከምክ። ግድ የለም፣ የቶማ ጥርስ እየተነቃነቀ ነው። ሌላ ጊታር ፈልግና በእሱ ቦታ ተራህን መጠበቅ ከአሁኑ ተለማመድ። ቢላልም ሌላ ቀርፋፋ ያስቀምጥልህ።"