መቶ ሃምሳ በመቶ

በዚያ መሥሪያ ቤት ያለ ደብዳቤ የሚታዘዝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እሱም በዕቃ ግምጃ ቤቱ ጥግ፣ በአሮጌ ጎማና በተሰበረ ወንበር መሀል የተቀመጠው ኮምፒዩተር ነው። የቀረው ሁሉ፣ ከፎቶኮፒ ማሽኑ እስከ ሽንት ቤቱ ቁልፍ ድረስ፣ «ጉዳዩ፦» ተብሎ ካልተጻፈለት ንቅንቅ አይልም።

ኮምፒዩተሩን እዚያ ያቆመችው ሩሀማ ናት። መሥሪያ ቤቱ ከከተማው የባህል አዳራሽ ብዙም አይርቅም፤ የራሱ የስብሰባ አዳራሽም ነበረው። ነገር ግን አዳራሹ ለጊዜው ተብሎ የማዳበሪያ ከረጢት ተከማችቶበት፣ ያ ጊዜ ሦስት ዓመት ሆነው። ስለዚህ ስብሰባ ሲኖር ሠራተኛው በየክፍሉ ይቀመጥና ኃላፊው ከቢሯቸው በማይክራፎን ይናገራሉ። ንግግራቸውን ተቀብሎ ለአሥራ ሁለት ድምፅ ማጉያ የሚያከፋፍለው የሩሀማ ኮምፒዩተር ነው። በውስጡ የድምፅ ሰርቨር የሚባል ፕሮግራም አለ፤ ሥራው ከቦኖ ውሃ ጠባቂ አይለይም። ድምፁ ከየት እንደመጣ ያያል፣ ለማን እንደሚሄድ ይወስናል፣ ምን ያህል እንደሚሄድ ይለካል። በማውስ የሚነካካ ሥዕል የለውም። ሩሀማ ጥቁሩ ስክሪን ላይ አንድ መስመር ጽፋ ኢንተር ትጫናለች፤ ክፍል ሰባት ዝም በል ስትለው ክፍል ሰባት ዝም ይላል፤ ክፍል ሦስት ቀንስ ስትለው ይቀንሳል። ለምን አይልም፣ ማኅተም የለውም አይልም። ሩሀማ አንዳንዴ ሰውም እንዲህ በሆነ ትላለች።

ጆሮዋን የሳለችው በቤተ ክርስቲያኗ የመዘምራን ድምፅ መቆጣጠሪያ ላይ ነው። ከመቶ ሰው ዝማሬ መሀል አንዲቷ የአልቶ ድምፅ ዘማሪ ማዛጋቷን ትለያለች ይሏታል። መሥሪያ ቤቱ ይህን ሁሉ ያውቃል፤ ይሁን እንጂ ሩሀማ ጊዜያዊ ሠራተኛ ነበረች። ሦስት ዓመት ሙሉ ውሏ በየስድስት ወሩ እየታደሰ ኖራለች። በዚያ ሰኔ ግን አዲስ መመሪያ መጣ፦ እስከ ወሩ ማብቂያ ቋሚ ያልሆነ ጊዜያዊ ሁሉ ይሰናበታል። ቋሚ የሚሆነውም ኃላፊው በጠቅላላ ሠራተኛ ፊት ስሙን ጠርተው ሲያሳውቁና ነገሩ በቃለ ጉባኤ ሲሰፍር ነው። ካልተባለና ካልተጻፈ ግን በቃ፣ ደህና ሁኚ። መመሪያው የጥበቃ ሠራተኞችን አይመለከትም፤ እነሱ እስከ ዕለተ ምጽአት ጊዜያዊ ናቸው።

የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ አቶ በኃይሉ ቁጥር የሚወዱ ሰው ናቸው። የትራንስፎርሜሽን ዕቅዱ ሦስተኛ ዓመት ነበርና ቁጥር የማይወድ ኃላፊም አይገኝም። የችግኝ ተከላ መቶ አሥራ ስምንት በመቶ፣ ሥልጠና መቶ ሠላሳ አራት በመቶ። ከመቶ በታች የወረደ ሰው ግምገማ ላይ ቆሞ ራሱን ሲሄስ ይውላል፤ መቶ ላይ የቆመም ቢሆን በጎሪጥ ነው የሚታየው። እንግዲህ እኒህ ሰው አንድ ቀን ግምጃ ቤቱን ሊጎበኙ ገቡ። ከኋላቸው የአንድ ለአምስቱ መሪ ዋሲሁን ማስታወሻውን ከፍቶ ተከትሏል። ጥቁሩ ስክሪን ላይ አሥራ ሁለት ጊዜ የተደረደረውን መቶ አዩ።

«ይሄ የማን አፈጻጸም ነው?» አሉ።

«አፈጻጸም አይደለም አቶ በኃይሉ፤ የድምፁ መጠን ነው። አሥራ ሁለቱም ክፍል መቶ መቶ ላይ ነው።»

«መቶ ብቻ?»

«ሙሉው እሱ ነው።»

«ሙሉ ማለት እኮ ቆመናል ማለት ነው። ከዚህ በላይ አይሄድም?»

እዚህ ላይ አይሄድም ብትል ኖሮ እኔም የማወራው አይኖረኝም ነበር። ሩሀማ ግን የተጠየቀችውን የምትመልስ ልጅ ናት።

«መሄዱንስ እስከ መቶ ሃምሳ ይሄዳል፤ ግን ያ ድምፅ አይባልም። ይሰነጣጠቃል፤ ቃሉም አይለይም። በሞላ ባልዲ ላይ ውሃ ቢጨምሩ መሬቱን ነው የሚያርሰው።»

አቶ በኃይሉ የሰሙት የፊተኛውን ግማሽ ነው። ፊታቸው በራ። «ሰማህ ዋሲሁን? ይህን ያህል አቅም ግምጃ ቤት ውስጥ ተኝቶ!» ዋሲሁን ጻፈ። «ሩሀማ፣ ችግሩ ባልዲው ላይ አይደለም፣ አመለካከቱ ላይ ነው። ሰኞ ከጎረቤት ዞን ለልምድ ልውውጥ እንግዶች ይመጣሉ። በመቶ ሃምሳ እናስተናግዳቸዋለን። ይህን አሳኪና የአንቺን ጉዳይ በራሴ አፍ እጨርሰዋለሁ።»

በራሴ አፍ ሲሉ ልቧ ዘለለ። ሰው ሦስት ዓመት ከጠበቀ በኋላ እንዲህ ያለ ቃል ሲሰማ ስለ ባልዲ መከራከሩን ይተዋል። ቢሆንም ቅዳሜ ጠዋት ከዋሲሁን ጋር ሞከሩት። እሱ ማይክራፎኑን ይዞ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» ሲል በክፍሎቹ የወጣው ቆርቆሮ በኮረኮንች ላይ ሲጎተት የሚሰማው ዓይነት ጩኸት ነበር። ዋሲሁን ክፍል አራት ድረስ ሄዶ፣ የሚቀጥለውን «አንድ፣ ሁለት» የጽዳት ሠራተኛዋ እየጮኸችለት አዳመጠና ተመለሰ። «ኃይል አለው» አለ።

«ቃሉ ተለየህ?»

«ቁጥር መሆኑ ያስታውቃል።»

ለአቶ በኃይሉ በቀጥታ እንዳታሰማቸው፣ እሳቸው ቢሮ ድምፅ ማጉያ የለም፤ ማይክራፎኑ አጠገብ ከተከፈተ ያፏጫል። ስለዚህ በዚያ መሥሪያ ቤት የአቶ በኃይሉን ንግግር ሰምቶ የማያውቅ ብቸኛ ሰው አቶ በኃይሉ ናቸው።

ሰኞ እንግዶቹ አንገታቸው ላይ መታወቂያ አንጠልጥለው ደረሱ። በየክፍሉ ከሠራተኛው ጋር ተቀላቅለው፣ የታሸገ ውሃ ተሰጥቷቸው ተቀመጡ። ሩሀማ ግምጃ ቤቷ ገባች፤ ዋሲሁንም ወንበር ስቦ አጠገቧ ተቀመጠ። የተመደበው ቁጥሩን እንዲጠብቅ ነው። መቶ ሃምሳውን አሥራ ሁለት ጊዜ አንድ በአንድ በጣቱ እየነካ ቆጠረና ምልክት አደረገ።

አቶ በኃይሉ ጀመሩ። መጀመሪያ ላይ «የተከበራችሁ» ይሁን «የተበተናችሁ» ያልለየ ነገር መጣ፤ ከዚያ ወዲያ እሱም ቀረ። ግድግዳው ተንቀጠቀጠ። ጎማዎቹ ላይ የነበረው አቧራ ተነሳ። ሰዎቹ ግን የለመዱ ናቸው፤ አቶ በኃይሉ ትንፋሽ ሊስቡ ባቆሙ ቁጥር ያጨበጭባሉ። ሩሀማ ጆሮዋን ይዛ ተጨነቀች፤ እውነቱን ለመናገር አፈረች። በዕድሜዋ ይህን የመሰለ ድምፅ ከእጇ ወጥቶ አያውቅም።

ሃያ ደቂቃ ያህል ታገሠችና አላስችል አላት። ሁሉንም ክፍል ወደ መቶ የሚመልሰውን መስመር ጻፈች። ጣቷን ኢንተር ላይ አደረገች። አንድ ጊዜ ብትጫነው የሰውየው ቃል በአሥራ ሁለቱም ክፍል ጥርት ይላል።

«ምንድን ነው የጻፍሽው?» አለ ዋሲሁን፣ ዓይኑን ከቁጥሩ ሳይነቅል።

«ትንሽ ልቀንሰው ብዬ።»

«ልትቀንሺው? እንግዶች ባሉበት? እኔ ምን ብዬ ነው ሪፖርት የማደርገው?»

ሩሀማ የሐምሌ አንድን ጠዋት አሰበች፤ መታወቂያዋን አስረክባ ከበሩ ስትወጣ ታያት። ዝም አይነቅዝም አለች በልቧ። ጣቷን አነሳች፤ የጻፈችው መስመር ሳይታዘዝ እዚያው ስክሪኑ ላይ ቀረ። ወዲያው በየክፍሉ ጭብጨባው ሞቀ፤ ከቀድሞው ይረዝም ነበር፤ አቶ በኃይሉ ረዥም ትንፋሽ ስበው ይሆናል።

ንግግሩ እንዳለቀ ዋሲሁን ከማስታወሻው ውስጥ የታጠፈ ቅጽ አወጣ። «ለእንግዶቹ ሪፖርት አባሪ ነው፤ እዚህ ጋ ፈርሚ፤ መኪናው እየጠበቀን ነው» አላት። አየት አደረገችና ፈረመች።

ምሳ አሞራ ገደል፣ ሐይቁ ዳር ካለው ዓሣ ቤት ነበር። እንግዶቹ ዓሣቸውን እየለቀሙ «ግሩም ተሞክሮ ነው» ይላሉ፤ አንደኛው ጆሮውን በትንሽ ጣቱ እየቆፈረ ነው። አቶ በኃይሉ እጃቸውን ታጥበው ወደ ሩሀማ መጡ።

«እንኳን ደስ ያለሽ! በራሴ አፍ እጨርሰዋለሁ አላልኩሽም? በጠቅላላ ሠራተኛ ፊት፣ በእንግዶች ፊት፣ ስምሽን ከነአባትሽ ጠርቼ ቋሚ ሆናለች ብዬ አወጅኩልሽ። ጭብጨባውን አልሰማሽም?»

«ሰምቻለሁ» አለች፤ ጭብጨባውንስ እውነት ሰምታዋለች። እንባዋ መጣ። ከዓሣ ቤቱ ጀርባ ሄዳ ለእናቷ ደወለች፤ እናቷ ስልኩን እንደያዙ ጸሎት ጀመሩ፤ ካርዱም ጸሎቱ ሳይጠናቀቅ አለቀ። እንደዚያን ቀን ደስ ብሏት አያውቅም።

ማክሰኞ ደብዳቤው አልመጣም። ረቡዕ የመጣው ሌላ ደብዳቤ ነው፤ አቶ በኃይሉ ባሳዩት የላቀ አፈጻጸም ወደ ከፍተኛ ኃላፊነት ተዛውረዋል ይላል። ከሰዓት በኋላ መኪና መጥቶ ወሰዳቸው። ሐሙስ ሩሀማ ወደ ሰው ሀብት ኃላፊዋ ወደ ወይዘሮ ብርሃነሽ ቢሮ ገባች።

ወይዘሮ ብርሃነሽ ቃለ ጉባኤውን አገላበጡት። «የኔ እህት፣ ስምሽ የለም።»

«አቶ በኃይሉ እኮ ተናግረዋል!»

«ተናግረው ይሆናል። እዚህ ግን የለም።»

ቃለ ጉባኤ የምትይዘው ጸሐፊዋ ብርቅዬ ናት። ሩሀማ ሮጣ ብታፋጥጣት በሯን ዘጋችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ሩሀማዬ፣ ምን ልበልሽ፤ አንድም ቃል አልተሰማኝ። ያለፈውን ዓመት አወጣሁና ቀኑንና መቶኛውን ለወጥኩ። እኔ ነኝ እንዳትዪ፤ የልጆች እናት ነኝ።»

ሩሀማ ለአቶ በኃይሉ ደወለች። «እንዴ!» አሉ። «አልተሰማም ነው የምትይኝ? እኔ እኮ በዚያ ድምፅ ነው የተሾምኩት። አሥራ ሁለት ክፍል ሙሉ ሰው ሰምቶ የለ? የሰሙትን አስፈርሚና ለብርሃነሽ አቅርቢ። በርቺ!» ስልኩ ተዘጋ።

ዓርብ የሰኔ የመጨረሻው የሥራ ቀን ነበር፤ ጠዋት ከክፍል አንድ ጀምራ ዞረች። የሰኞው ንግግር ተሰምቷችኋል ወይ ስትል ሁሉም በአንድ አፍ፣ በሚገባ። ስለ እኔ ምን አሉ ስትል ግን በቅሎን አባትሽ ማነው ቢሏት ፈረስ አጎቴ ነው አለች እንደሚባለው ሆኑባት። ክፍል ሁለት «በአጠቃላይ ስለ ሁላችንም ነው ያነሱት» አለ። ክፍል አምስት «ስለ ሴቶች ተሳትፎ በሰፊው ተነስቷል፤ አንቺም እዚያ ውስጥ አለሽ» አለ። ክፍል ዘጠኝ ያለው ሰው ፈገግ ብሎ «ዋናው መልዕክቱ ነው» አላት። አልሰማሁም ብሎ የሚፈርም ጠፋ፤ እሷን ሰማሁ ብሎ የሚፈርምም ጠፋ።

አሥራ ሁለተኛው ድምፅ ማጉያ የጥበቃ ቤቱ ላይ ነው። ጋሽ ታምሩ ዱላቸውን ይዘው ተቀምጠዋል።

«ጋሽ ታምሩ፣ ሰኞ ዕለት ንግግሩን ሰምተዋል?»

«የምን ንግግር ልጄ? እኔ ከጎረቤት ወፍጮ ያስነሱ መስሎኝ ወጥቼ አየሁ። ደግሞ ሲያጨበጭቡ ሰማሁና፣ ምን አይነት እህል ነው እንዲህ የሚያስደስት አልኩ።»

ሩሀማ እዚያው በሳቅ ፈነዳች፤ ከዚያ ሳቁ ለቅሶ ሆነባት። እንዲፈርሙላት ለመነቻቸው። ጋሽ ታምሩ አሥራ አንድ ዓመት ጊዜያዊ ናቸው፤ የሚፈሩት ነገር የላቸውም። «አልሰማሁም፤ ታምሩ» ብለው ጻፉ። ወረቀቱን ይዛ በረረች፤ ሰዓቱ አሥር ተኩል ነበር።

ወይዘሮ ብርሃነሽ ሁለት ጊዜ አነበቡት። ክፉ ሰው አይደሉም፤ አዝነውላታል። «ይሁን፣ ድምፁ ካልተሰማ ተናጋሪውን ጠይቆ ቃለ ጉባኤውን ማስተካከል ይቻላል፤ መመሪያው ይፈቅዳል» አሉና የሩሀማ ልብ ሲመለስ ፋይሉን ገለጡ። «ግን እሳቸው ዘበኛ ናቸው። በድምፅ ጉዳይ የምናምነው ባለሙያውን ነው። ባለሙያው ደግሞ ይሄን ብሏል» ብለው አንድ ወረቀት አዞሩላት።

«የኃላፊው ንግግር በአሥራ ሁለቱም ክፍሎች በመቶ ሃምሳ በመቶ፣ ጥርት ብሎና ያለ አንዳች መቆራረጥ መሰማቱን አረጋግጣለሁ።» ከሥሩ ሰማያዊ ፊርማ አለ።

«ይህ ፊርማ የማን ነው?» አሉ ወይዘሮ ብርሃነሽ፣ ቀስ ብለው።

«የኔ ነው» አለች ሩሀማ።

የግምጃ ቤቱን ቁልፍ ለማስረከብ ስትመለስ ዋሲሁን የማስረከቢያ ቅጽ ይዞ በር ላይ ይጠብቃታል። ስክሪኑን አበራችው። የሰኞው መስመር እንደጻፈችው እዚያው አለ። ኢንተር ተጫነች፤ አሥራ ሁለቱም ክፍል ያለ ደብዳቤ ወደ መቶ ተመለሱ። በዚያ ሰዓት የሚናገር ሰው አልነበረም።