ሹፌሩ ያለበት ገጽ

የብሬብሩክና አካባቢው መረዳጃ ዕድር ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴ፣ ለሃያኛው ዓመት በዓል በተዘጋጀው መጽሐፍ ላይ ማውጫው ምዕራፍ አራት በገጽ 41 ይገኛል ቢልም፣ ምዕራፍ አራት ግን በገጽ 38 የተገኘ መሆኑን አባላት በያሉበት እንዲያውቁት በጥብቅ አሳሰበ። መልእክቱ ቅዳሜ ጠዋት በዕድሩ የቫይበር ግሩፕ ሲደርስ ሦስት ሰዎች "ነፍስ ይማር" ብለው መለሱ። ከዕድር የመጣን ረጅም መልእክት እስከ መጨረሻው የሚያነብ የለም።

ጉዳዩ ወደ ዙሃራ ተመራ። ዙሃራ በዚሁ በስደት አገር፣ በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ ቢሮ ውስጥ የሰው ሪፖርት ስታስተካክል የምትውል ናት። ሊቀ መንበሩ ጋሼ ተስፋሚካኤል ራሳቸው ደወሉላት።

"አንቺ ኮምፒውተሩን ታውቂበት የለ? አምስት ደቂቃ ብትፈጅብሽ ነው።"

ምክንያቱን ለማግኘት እውነትም ብዙ አልፈጀባትም። ከመጽሐፉ ኋላ የስም ጠቋሚ አለ፤ ማን በየትኛው ገጽ እንደተነሳ የሚናገር ዝርዝር። ኮምፒውተሩ ዝርዝሩን የሚለቅመው ጽሑፉ ውስጥ ከተቀበሩ ምልክቶች ነው። ምልክቶቹ ሲገለጡ ስክሪን ላይ ይታያሉ እንጂ አይታተሙም። ጸሐፊው ግደይ ምልክቶቹን ሳይደብቅ ማውጫውን አፕዴት አድርጎታል፤ የተቀበሩት ስሞች ቦታ ይዘው መጽሐፉን በሦስት ገጽ አሳብጠውታል። ደበቀቻቸው፣ አፕዴት አደረገች፣ ምዕራፍ አራት ገጽ 38 ላይ አርፎ ተቀመጠ።

እዚያ ላይ ብትዘጋው ጥሩ ነበር። ግን መጽሐፍ የሚያሳብጥ የማን ስም ነው ብላ ምልክቶቹን መልሳ ገለጠቻቸው። ጋሼ ተስፋሚካኤል በሃያ ዘጠኝ ገጽ ተቀብረዋል። ገጽ 12 ላይ "በዚያ ክረምት የአዳራሹ ጣሪያ ያፈስ ነበር" ይላል፤ "ጣሪያ" ከሚለው ቃል አጠገብ የጋሼ ስም አለ።

ከዚያ ባሏን ፈለገች። ሙሔ የለም።

ሙሔ አሥራ ስድስት ዓመት የዕድሩን ቫን ነድቷል። አስከሬን ከሆስፒታል፣ ለቀስተኛ ከኬንሲንግተን ሰፈር ፎቅ፣ ወንበር ከአዳራሽ፤ ከሺፍት ወጥቶ፣ ወይም ሺፍት ሰርዞ። የዕድሩ ቫን የሚባለው ቫን የራሱ የሙሔ ነው። መጽሐፍ ሊወጣ ነው ሲባል፣ ጎንበስ ብሎ ጫማውን እያሰረ፣ "ስሜ ይኖርበት ይሆን?" ብሎ ጠይቋት ነበር። በአሥራ ስድስት ዓመት ከዕድሩ የፈለገው ነገር ይኸው ብቻ ነው።

ከግደይ ጋር በጋራ በሚከፍቱት ፋይል፣ ዝርዝሩ ውስጥ ገብታ ስሙን በእጇ ጻፈች። እሑድ ስትከፍተው የለም። ደግማ ጻፈች። ሰኞ የለም። ማክሰኞ ለግደይ ደወለች።

"ባሌን የሚያጠፋው ማነው?"

"ኧረ! ሙሔ ምን ሆነ?"

"ከመጽሐፉ ነው የምልህ!"

"እኔ የነካሁት ነገር የለም፣ ዙሃራ ሙች። ጋሼ ቁጥራቸውን ማየት ሲፈልጉ አፕዴት እላለሁ፣ በቃ።"

"በቀን ስንቴ ያያሉ?"

"እንደ ቀኑ ነው።"

ተንኮል መስሏት ነበር። ተንኮል ቢሆን በተሻላት። በእጅ የተጻፈ ስም ለማሽኑ ስም አይደለም፤ አፕዴት በተባለ ቁጥር ዝርዝሩን አፍርሶ ከምልክቶቹ እንደ አዲስ ይሠራዋል። እንግዲያው ስሙ ባለበት ቦታ ምልክት ላድርግ ብላ "ሙሔ" የሚለውን ቃል ፈለገች። ዜሮ። "ሹፌሩ" ብላ ፈለገች። አሥራ አንድ። "ሹፌሩ በሰዓቱ ደረሰ።" "ለሹፌሩም ምሳ ተሰጠው።"

ጋሼ ዘንድ ደወለች።

"ጋሼ፣ ሹፌሩ እኮ ስም አለው።"

"የለውም ያለ ማነው?"

"መጽሐፋችሁ።"

"ስሚ ልጄ፣ ጽሑፉ በሙሉ ድምፅ የጸደቀ ነው። የኮሚቴው አባላት ሁላችንም አንብበን ፈርመናል። አንዲት ፊደል አትነካም። የኋላው ዝርዝር የማሽን ጉዳይ ነው፤ እሱን እንደ ፈለግሽ አድርጊው።"

"እንደ ፈለግኩ?"

"እንደ ፈለግሽ።"

አንዲት ፊደል አልነካችም። "ሹፌሩ" ባለበት አሥራ አንድ ገጽ ሁሉ የባሏን ስም ቀበረች። ንዴቱ ግን አልወጣላትም፤ "ኮሚቴው" ወደሚለው ዞረች። "ኮሚቴው አስከሬኑን ከአየር ማረፊያ ተረከበ።" ያን ዕለት ኮሚቴው ስብሰባ ላይ ነበር። ሙሔ። "ኮሚቴው ሐዘንተኞችን በየቤታቸው አደረሰ።" ሙሔ፣ ያውም ሦስት ዙር። "ኮሚቴው ድንኳን ተከለ።" ሙሔና የሙሔ ወገብ። ስትጨርስ ሠላሳ አራት ገጽ ሆነ።

በሚቀጥለው እሑድ የሙከራ ቅጂው ለኮሚቴው ቀረበ። አንብበው የፈረሙት ሦስቱም ሰዎች መጽሐፉን ከኋላ ከፈቱት።

"ሙሔ ሠላሳ አራት!" አለ ምክትሉ ጉዲና ሳቁን እየዋጠ። "ጋሼ፣ በለጠዎት እኮ።"

ጋሼ መነጽራቸውን ሁለቴ ጠረጉ። "ይኼ ምን የሚሉት ነገር ነው?"

"ማሽኑ ነው" አለች ዙሃራ።

"ማሽን ሰው አይሾምም! ገጽ 23 ላይ የታለ ሙሔ? በጣትሽ አሳዪኝ!"

"ገጽ 12 ላይ ጣሪያው ሲያፈስ አንቱ የት ነበሩ?"

ግደይ ውሃ ጠጣ።

"ሥራውን የሠራው ተቋሙ ነው" አሉ ጋሼ ጠረጴዛውን እየደበደቡ። "እኛ ግለሰብ አናገንንም!"

"ሙሔ ያልነበረበትን አንድ ገጽ ይጥሩልኝ። አንድ! አሁን፣ እዚሁ፣ ፊትዎ አጠፋዋለሁ።"

ሦስቱም ገጽ መግለጥ ያዙ። ለመጀመሪያ ጊዜ ስለነበር የት እንደሚጀምሩ ግራ ገባቸው። ጉዲና መሐሉ ላይ አንድ አንቀጽ አነበበና ቀስ ብሎ አለፈው።

"ድምፅ ይሰጥ!" አሉ ጋሼ። "ሙሔ ከዝርዝሩ ይውጣ የምትሉ!"

የራሳቸውን እጅ ቀድመው አወጡ። ግደይ ተከተለ። ጉዲና እስከ ትከሻው ድረስ አወጣ።

የጋሼ ስልክ ጠራ። አንድ እጃቸው እንደተነሣ አነሡት።

"አቤት... ወይኔ! መቼ? ዋይንድሃም ቬል ሰፈር? እሺ፣ አይዟችሁ፣ ኮሚቴው አሁኑኑ ይንቀሳቀሳል።" ዘጉት። "የዕቁባይ እናት አርፈዋል። ወንበር መሄድ አለበት፣ ለቀስተኛም። ቆጠራው ይቆየን፤ እጃችሁን አታውርዱ።"

ቁጥር ሳይፈልጉ፣ አውራ ጣታቸው ወደለመደው ሄዶ ደወሉ።

ዙሃራ ቦርሳ ውስጥ ስልክ ጮኸ። ሙሔ ከዓርብ ጀምሮ ወገቡን ይዞት ተኝቷል፤ ሐኪም እንዳይነሣ ስላዘዘው ስልኩን ነጥቃው ነበር የወጣችው። አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። አላነሣችውም፣ አልዘጋችውም። ስክሪኑ ላይ "ጋሼ ተስፋሚካኤል" ይላል።

ጋሼ ስልካቸውን ከጆሯቸው ሳያነሡ፣ ጠረጴዛው ላይ የሚጠራውን ያዩ ጀመር።

መጀመሪያ እጁን ያወረደው ጉዲና ነው። ቀጥሎ ግደይ።