ሩብ ዙር

ቴክኒሻኗ ሮቦቱን ሠርታ ለመጨረስ ዓመት ከስምንት ወር ፈጅቶባታል። ቁመቱ ከጉልበት አይበልጥም። በጎማ ፋንታ ሁለት ጠመዝማዛ ብረቶች አሉት፤ እነሱ ሲሽከረከሩ እህል ላይ እየዋኘ ይሄዳል። በትልቅ የብረት ጎተራ ውስጥ ብዙ የቆየ ስንዴ ግድግዳው ላይ ይጋገርና ከታች በሩ ቢከፈትለትም አልወርድም ይላል። ከዚህ በፊት ሰው ገመድ ታጥቆ እየገባ በአካፋ ይንደው ነበር። ሲናድ ታዲያ ሰውዬውንም ይዞት ሊወርድ ይችላል። ሮቦቱ የተሠራው ያ ሰው እንዳይገባ ነው።

ሮቦቱ በሚሞከርበት የእህል መጋዘን ሠላሳ ዓመት ሙሉ ጎተራ ውስጥ ሲገባ የኖረው አንድ ሰው ነው። ባልደረቦቹ ዋናተኛው ይሉታል። ታናሽ ወንድሙም አብሮት ይሠራ ነበር፤ ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ስንዴ ውጦት ቀረ። ይህን ለቴክኒሻኗ የነገራት የመጋዘኑ ሥራ አስኪያጅ ነው። ዋናተኛው ራሱ ስለ ወንድሙ ትንፍሽ ብሎ አያውቅም።

በመጀመሪያው የሙከራ ቀን ሮቦቱ አርባ ደቂቃ ያህል ጥሩ ሠራ። ቴክኒሻኗ ጎተራው አናት ላይ ተንበርክካ በመግቢያው ቀዳዳ ቁልቁል እያየች ትነዳዋለች። ፕሮግራሙን የጻፈው ባልደረባዋ ላፕቶፑን ጭኑ ላይ አድርጎ ከጎኗ ተቀምጧል። ዋናተኛው እጁን አጣምሮ ቆሟል። ድንገት የግራው ጠመዝማዛ ቀጥ አለ። ሮቦቱ ባለበት ዞረ፤ ዘመመ፤ የተናደው ስንዴ ከላይ መጣና እስከ ወገቡ ዋጠው። መጎተቻ ገመድ ነበረው፤ ግን አራት ሆነው ቢስቡት ንቅንቅ አላለም። ከዚያ በላይ ቢጎትቱት ገመዱ የታሰረበት ብረት መነቀሉ ነው።

ታች ሁለት የጭነት መኪኖች እህል ለመጫን ቆመዋል። ሥራ አስኪያጁ ደረጃውን እያለከለከ ወጣና ምን ይሻላል ብሎ ጠየቀ። ዋናተኛው ግን መታጠቂያውን ከመንጠቆው አውርዶ ወገቡ ላይ ማሰር ጀምሮ ነበር።

"አምስት ደቂቃ ነው። አካፋውን ብቻ አቀብሉኝ" አለ።

ሥራ አስኪያጁ ጫማውን ማየት ጀመረ። ባልደረባዋም ላፕቶፑ ላይ አቀረቀረ። እሷ ካልተናገረች ማንም እንደማይናገር ገባት።

"እርስዎ አይገቡም" አለች።

"ልጄ፣ እኔ እዚህ መግባት የጀመርኩት አንቺ ሳትወለጂ ነው።"

"አውቃለሁ። ማሽኑ እዚያው ይቅር። ለእሱ ብለው የሚገቡ ከሆነማ ለምን ሠራሁት?"

ዋናተኛው ትክ ብሎ አያት። ከዚያ መታጠቂያውን ፈታ፣ ቦታው መለሰና ደረጃውን ወረደ። ቅር እንዳለው ከአካሄዱ ያስታውቅ ነበር። እንጀራውን የበላበትን ሥራ አንዲት ልጅ ሰው ፊት የነጠቀችው ያህል ነው የተሰማው።

የጎን በሩን ከፍተው፣ ውጭ ቆመው የሚፈሰውን እየዛቁ ጎተራውን ማጉደል ሁለት ቀን ፈጀ። ቴክኒሻኗና ባልደረባዋም ከሠራተኞቹ እኩል ዛቁ። ባልደረባዋ በሁለተኛው ቀን መዳፉ ውሃ ቋጥሮ አካፋውን በክንዱ አቅፎ ሲዝቅ ያዩት ሠራተኞች፣ ይሄ ልጅ አካፋውን ሊያስተኛው ነው ወይስ ሊሠራበት ነው እያሉ ሳቁበት።

ሮቦቱን ወርክሾፕ ወስደው ሲፈትሹት ባትሪው ሙሉ ነው፤ ሞተሩም ደህና ነው። ባልደረባዋ ጥፋቱ የኔ ፕሮግራም ይሆናል ብሎ መስመር በመስመር ሲያነብ ዋለ። እሷ ሽፋኑን ፈትታ ወደ ግራው ሞተር የሚሄደውን ሽቦ በሁለት ጣቷ ወዝወዝ አደረገችው። ሞተሩ አንዴ እመር ብሎ ቆመ። ደግማ ወዘወዘችው፤ ያው ሆነ።

ማገናኛው ነበር፤ ሽቦና ሽቦ የሚጋጠሙበት፣ ጥፍር የምታህል ነጭ ፕላስቲክ። አልተሰበረችም፤ አልተቃጠለችም። በንዝረት ብዛት የወረቀት ውፍረት ያህል ወደ ኋላ ተንሸራታለች፤ በዚያች ክፍተት የስንዴ ብናኝ ገብቶ ተጠቅጥቆባታል። ቴክኒሻኗ ማገናኛዋን የመረጠችበት ቀን ትዝ አላት። በሞተሩና በሽፋኑ መካከል ያለው ቦታ ከአውራ ጣት ስለማይሰፋ ትንሽ ማገናኛ ፈለገች። ከአሮጌ የቢሮ ፕሪንተር ነቅላ ያስቀመጠቻቸው መሳቢያዋ ውስጥ ነበሩ፤ ሞከረቻቸው፤ ልክክ አሉ። ሞተሩን ለመምረጥ ሦስት ሳምንት ተጨንቃበታለች። ማገናኛውን ለመምረጥ የፈጀባት መሳቢያ የመክፈቻ ጊዜ ብቻ ነው።

በማግስቱ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ሄዳ ጥፋቱ የእሷ መሆኑን ነገረችው። ሰበብ ሲደረደርለት የለመደ ሰው ስለሆነ ምን እንደሚመልስ ጨነቀው፤ በመጨረሻ እንድታስተካክለው አንድ ወር ሰጣት።

አጎቷ የጭነት መኪና ኤሌክትሪሺያን ነው። ነጯን ማገናኛ ስታሳየው መዳፉ ላይ አገላብጦ፣ ይቺ ከጠረጴዛ ለማይነሳ ዕቃ የተሠራች ናት አላት። ከአንድ ተሳቢ የነቀለውን አሳያት፤ ውሃ የሚከለክል የጎማ ጎሚኒ ያለው፣ ጠቅ ብሎ የሚቆለፍ፣ ጭቃና ዝናብ የጠገበ ነገር። ግን ቡጢ ያክላል፤ ሮቦቱ ውስጥ የሚገባበት ቦታ የለውም።

"መጠኑን ተይውና መጀመሪያ ሦስት ነገር መልሺልኝ" አላት። "ምን ይጎትተዋል? ምን ይገባበታል? ደግሞስ ማን ነው የሚፈታው?"

ሁለቱን ወዲያው መለሰች፤ ንዝረትና ብናኝ። ለሦስተኛው፣ "እኔ ነኛ" አለች።

"አንቺ ሁልጊዜ እዚያ ጎተራ ላይ ቁጭ ብለሽ ልትኖሪ ነው?"

ጥያቄውን ማስታወሻ ደብተሯ ላይ ጻፈችው።

በመጠናቸው ለቦታው የሚቀርቡ ሦስት ዓይነት ማገናኛዎች ፈልጋ አገኘች። አንዷ በቀጭን የፕላስቲክ ምላስ የምትቆለፍ ናት። ሁለተኛዋ ክብ ሆና አንገቷ እንደ ጠርሙስ ክዳን እየተሽከረከረ የሚጠብቅ ናት። ሦስተኛዋም ክብ ናት፤ ገፋ አድርገው ሩብ ዙር ሲያዞሯት ቀጭ ብላ ትቆለፋለች። ሦስቱንም የስንዴ ብናኝ የሞላበት ቆርቆሮ ውስጥ ከተተችና ቆርቆሮውን አጎቷ ወርክሾፕ ካለው የጎማ መንፊያ ኮምፕሬሰር ጋር በሽቦ ጠፍንጋ አሰረችው። ኮምፕሬሰሩ ሲሠራ ወለሉ ጭምር ይርገፈገፋል። በየማገናኛው በኩል አንዳንድ ትንሽ አምፖል አበራች፤ አምፖሉ ብልጭ ድርግም ካለ ማገናኛው ለቋል ማለት ነው። አጎቷ የመኪና መብራት እየሠራ አምፖሎቹን በዓይኑ ይጠብቅላታል። በአራተኛው ቀን ደውሎ የባለ ክዳኗ አምፖል መርገብገብ እንደጀመረ ነገራት። አንገቷ ራሱን በራሱ ግማሽ ዙር ፈትቷል። የሁለቱ አምፖል ግን ሳምንቱን ሙሉ ቦግ እንዳለ ቆየ።

ከሁለቱ ቴክኒሻኗ ባለ ምላሷን ነበር የወደደችው፤ ከሁሉም ታንሳለች። ሆኖም የአጎቷ ሦስተኛ ጥያቄ አልለቃት አለ። ሮቦቱ ሥራ ሲጀምር ጎተራ ላይ ባትሪ የሚቀይረው፣ ሲቆሽሽ የሚፈታውና የሚያጸዳው ዋናተኛው ነው። እሱ ደግሞ ካኮረፋት ሁለት ሳምንት አልፎታል። ሁለቱንም ማገናኛዎች ይዛ ሄደች። መጋዘኑ በር ላይ ወንበር አውጥቶ ጓንቱን ሲሰፋ አገኘችው። ሰላምታዋን በጭንቅላቱ ብቻ ተቀበለ።

"እነዚህን ፈተው ቢገጥሙልኝ ብዬ ነው" አለችው። "እርስዎ የማይፈቱትን ሮቦቱ ላይ አላደርግም።"

ዋናተኛው ጓንቱን አጥልቆ ባለ ምላሷን አነሳ። ጣቶቹ ወፍራም ናቸው፤ ምላሷን መጫን ቀርቶ የት እንዳለች ለማግኘት ተቸገረ። በሦስተኛው ሙከራ ምላሷ ቀንጠስ ብላ ተሰበረች። ሊቆጣ ነው ብላ ስትጠብቅ የተሰበረችውን እያየ ፈገግ አለ። ከዚያ ክቧን ወሰደ፤ ገፋ፣ አዞረ፣ ቀጭ አለች፤ ፈታ፣ ገጠመ። ወዲያው ዓይኑን ጨፍኖ ደገመው።

"እዚያ አቧራው ሲነሳ እኮ አይታይም" አላት።

ከዚያ አንድ ነገር ጠየቃት፤ የባትሪውም የሞተሩም ማገናኛ ይቺው ናት ወይ አለ። አዎ፣ በቀለም እለያቸዋለሁ አለችው። ቀለሙን አቧራ ሲሸፍነው የባትሪውን ሞተሩ ላይ ብገጥመውስ አላት። ቴክኒሻኗ ይህን አላሰበችበትም። ማስታወሻ ደብተሯን አውጥታ እዚያው በር ላይ ቁጭ አለች፤ እሱም ሌላ ወንበር አመጣላት። ከዚያ እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ ምኑ መቼ እንደሚፈታ፣ የትኛው እጅ እንደሚመች፣ ሽቦው የት ላይ እንደሚጎተት አንድ በአንድ ነገራት።

ክቧን መረጠች። ለባትሪው ጥርሷ ሌላ ቅርጽ ያለውን አደረገች፤ ሰው ቢሳሳት እንኳ አልገባም ትላለች። ማገናኛዋ ከቦታው ትንሽ ትሰፋ ስለነበር የሮቦቱን ሽፋን ሦስት ሚሊሜትር አበጥ አድርጋ እንደገና ሠራችው። ሽቦዎቹንም ከማገናኛው ዝቅ ብሎ አካሉ ላይ በብረት ማሰሪያ ያዘቻቸው፤ ቢጎተቱ ጉልበቱ ማሰሪያው ላይ እንዲያርፍ።

ወሩ ሊሞላ ሁለት ቀን ሲቀረው ሮቦቱ ተመልሶ ጎተራ ገባ። አርባኛው ደቂቃ ሲደርስ ባልደረባዋ ሰዓቱን አየ፤ እሷም የመቆጣጠሪያውን እጀታ የሙጥኝ ብላ ያዘች። ደቂቃው አለፈ። ግድግዳው ላይ የተጋገረው ስንዴ በየተራ እየተገመሰ ወረደ። ሁለት ጊዜ ሮቦቱ እስከ ወገቡ ተውጦ ሁለቱንም ጊዜ በራሱ ጉልበት ወጣ። ባትሪው ሲያልቅ በገመዱ ጎትተው አወጡት፤ ዋናተኛው በጓንቱ አቧራውን ጠረግ አድርጎ ሩብ ዙር አዞረና አዲስ ባትሪ ገጠመለት። ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጎተራው ባዶ ሆነ።

ዋናተኛው በቀዳዳው ቁልቁል ሲያይ ቆየ። የጎተራው ወለል እንዲህ ሲያበራ ከላይ ሆኖ አይቶ አያውቅም፤ ሁልጊዜ እዚያ ታች የሚሆነው እሱ ነበር።

"ወንድሜ ከኔ ይረዝም ነበር" አለ። "እኔ ነኝ የምገባው ብሎ ተከራክሮኝ ነው የገባው።"

ቴክኒሻኗ ቀርባ አጠገቡ ቆመች። ከዚያ መቆጣጠሪያውን እንድታሳየው ጠየቃት።

ለመልመድ ሦስት ቀን ፈጀበት። በመጀመሪያው ቀን ሮቦቱን ከግድግዳ ጋር ሲያላትመው ዋለ፤ በሦስተኛው ቀን ባልደረባዋን በለጠው። የስንዴው መልክ ሲለወጥ ከየት በኩል ሊናድ እንደሆነ ያውቃል፤ ይህን ደግሞ ማንም በፕሮግራም ሊጽፈው አልቻለም። ሥራ አስኪያጁ ሁለተኛ ሮቦት አዘዘ። ቴክኒሻኗ አዲሱን ስትነድፍ መጀመሪያ የማገናኛዎቹን ቦታ ወረቀት ላይ አስቀመጠች፤ ሞተሮቹን ከዚያ በኋላ ሣለች። ንድፉንም ሳትጨርስ ይዛ መጋዘኑ ሄደች፤ ዋናተኛው የሚለው አይጠፋውም።