ሁለት ጭብጥ ጌሾ

ልጄ ቤርሳቤ ቢራ መጥመቅ ተምራ ስትመጣ የሳቅኩባት እኔ ነኝ። ጋምቤላ ክልል፣ አቦቦ ከሰፈርን ጀምሮ አርባ ዓመት ጠላ ጠምቄ ነው ያሳደግኳት፤ እሷ ግን የምትጠምቀው በቴርሞሜትርና በሚዛን ነው። ጋምቤላ ከተማ፣ ባሮ ዳር ኛዊዩዋል በከፈተው ቢራ ቤት ተቀጥራ የመጀመሪያውን በርሜል ስትጠምቅ ልጠይቃት ሄድኩ። «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» እያልኩ፣ ዞር ስትልልኝ ከቤት በከረጢት የያዝኩትን ጌሾ ሁለት ጭብጥ በርሜሉ ውስጥ ጨመርኩበት። ጌሾ የሌለው መጠጥ ደግሞ ምን መጠጥ ነው?

ለካ እሷ በጌሾ ፈንታ የፈረንጁን መራራ አበባ አስቀድማ ጨምራበት ኖሯል።

ቢራው ደርሶ እንግዳ የተጠራ ቀን መጀመሪያ የቀመሰው ባጃጅ ነጂው ቾል ነው። ኮሶ እንደተጋተ ሰው ፊቱን አጨማደደ። «ይሄ ቢራ ነው መድኃኒት?» ሲል ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ኛዊዩዋልም ቀመሰ፤ እሱ ግን አልሳቀም።

«ቤርሳቤ፣ እኔ ቢራ ነው ያልኩሽ፣ መርዝ አላልኩም። ይደፋ። አንቺም ከሰኞ ጀምሮ አትምጪ።»

«እኔ ልኬቴን አልሳትኩም» አለች፤ ዓይኗ እንባ ሞልቷል።

«ጌሾ የጨመርኩበት እኔ ነኝ!» አልኩ በሰው ሁሉ ፊት። ቤርሳቤ ዞራ አየችኝ። ያንን አስተያየት ለጠላቴም አልመኝም።

«ደግሞም ጠማቂ ሳይቀምስ መጠጥ አይደፋም» ብዬ፣ እንደ ወጋችን በመዳፌ ጠብ አድርጌ ቀመስኩ። እሬት ነው! ምላሴ ተሸበሸበ። ምሬቱ ሲያልፍ ግን ከኋላው ጣፋጭ ነገር መጣ። እንዲህ ጥርት ያለ መጠጥ በአርባ ዓመት አንድ ቀን አልወጣልኝም። ልጄ ትበልጠኛለች! ደስታዬን የት ላድርሰው?

«ቢራው ምንም አልሆነም፤ የጠጣችሁት በባዶ አፋችሁ ነው» አልኳቸው። «ለእንግዳ የተጠበሰውን ዓሣ በሚጥሚጣ አምጡልኝ!»

ቾል እየሳቀ አንድ ጉርሻ ዋጠ፣ ከላዩ ተጎነጨበት። ፊቱን ሊያጨማድድ ጀምሮ ተወው። ብርጭቆውን አየት አደረገና ጨለጠው።

«ድገሚኝ» አላት ቤርሳቤን።

ሌላውም ተከተለ። ፀሐይ ሳትጠልቅ በርሜሉን አዘንብለን ቀዳን፤ ዓሣውም አለቀ።

«ሰኞ ነይ» አላት ኛዊዩዋል። «ሌላ አልፈልግም፣ ይሄንኑ ጥመቂልኝ። ግን እማማ ስንት ጨመሩ?»

ቤርሳቤ ሚዛኗን አምጥታ ፊቴ አስቀመጠችና ከእጄ የማይለየውን የጌሾዬን ከረጢት ፈታችው።

«ጨብጪ፣ እማዬ።»

ሁለት ጊዜ ጨብጬ ሚዛኑ ላይ አደረግኩ። አርባ ዓመት ማንም ያልመዘነውን ጭብጤን ልጄ መዝና ደብተሯ ላይ ጻፈችው።

«ሁለተኛ ግን ሳትጠይቂኝ በርሜሌን እንዳትነኪ» አለችኝ፤ ሳቋ አመለጣት።

«እሺ፣ እመቤቴ» ብዬ እልልታዬን አቀለጥኩት።