ያለ ምንም ምክንያት

የሆስፒታል አንሶላ አጣቢዋ እናት በስልክ ተጠርታ ልጇ የሚውልበት ማሠልጠኛ እየሮጠች ስትደርስ፣ አሠልጣኙ አፍንጫው ውስጥ ጥጥ ወትፎ ተቀምጧል። የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያለበት የሠላሳ ዓመት ልጇ ደግሞ ጥግ ይዞ የገዛ እጁን ይነክሳል። በዚህ ማሠልጠኛ ካርቶን ማጠፍ ከጀመረ አራት ዓመቱ ነው። ጠርዝና ጠርዙ ካልገጠመ ከእጁ ስለማያወጣ “ኢንጂነሩ” ይሉታል።

የማሠልጠኛው ኃላፊ አንድ ወረቀት ገፋ አደረገችላት።

“እዚህ ላይ ይፈርሙ፣ እማማ። ‘ያለ ምንም ምክንያት ሰው ይመታል፤ ማስታገሻ እንዲወስድ ተስማምቻለሁ’ ነው የሚለው። ካልፈረሙ ከነገ ጀምሮ አንቀበለውም።”

“ዝንብ የማይነካ ልጅ! ምን አድርጋችሁት ነው?”

“ኧረ ምንም!” አለ አሠልጣኙ እየተነፋነፈ። “ካርቶኑን ስፈታ ዘሎ ጉብ አለብኝ።”

“የታጠፈውን? ለምን ትፈታዋለህ?”

አሠልጣኙ ኃላፊዋን ሰረቅ አድርጎ አያት።

“ገዢ የለማ፣ እማማ። ፈትተን በማግስቱ እንዲያጥፉት መልሰን ለሠልጣኞቹ እንሰጣቸዋለን። ሁልጊዜ ከሄዱ በኋላ ነበር፤ ዛሬ ቸኩዬ እፊቱ ፈታሁት። እነሱ እንደሆነ የት ያውቁታል ብዬ!”

ወደው አይስቁ፣ እናቲቱ ሳቀች። ልጄ ሥራ ያዘ ብላ ያልነገረችው ጎረቤት አልነበረም።

“እኔም ያጠብኩትን አንሶላ መልሶ ጭቃ ላይ የሚጥልብኝ ቢመጣ፣ አፍንጫውን ነበር የምለው” አለች። ከዚያ ወደ ኃላፊዋ ዞረች። “ምክንያቱን ይጻፉልኝ። ‘ሥራውን ሲያፈርሱበት መታ’ ይበል።”

“እሱን ከጻፍኩ ተጠያቂዎቹ እኛው ልንሆን ነው። ይልቅ ልጅዎን ያስቡ።”

አሰበች። እዚህ ከመግባቱ በፊት በላዩ ቆልፋበት ነበር ሥራ የምትሄደው። ስትመለስ በሩን ሲደበድብ ውሎ ጣቶቹ አብጠው ታገኛቸው ነበር። ያንን ቁልፍ ዳግመኛ ከማዞር ምን የማትፈርመው ነገር አለ?

ፈረመች። ከዚያም ጥግ ወደቆመው ልጇ ሄደች።

“ና፣ ጋሼን ይቅርታ በላቸው።”

“የኔን ነው” አለ ልጁ ካርቶኖቹን እያሳየ። “የኔን!”

“አውቃለሁ፣ የኔ ጌታ። ቢሆንም ይቅርታ በላቸው።”

ዓይን ዓይኗን አያት። እሷ ቀድማ አቀረቀረች። ያን ጊዜ፣ “ይቅርታ” አለ።

አሠልጣኙ ትከሻውን ቸብ ቸብ አደረገው።

“አዩ፣ እማማ? ሲነግሩት እኮ ይገባዋል።”