ባልደረባ የሚሞላው ቆርቆሮ

አጭሬ ጠርሙሱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። እኔም አንስቼ አየሁት።

ሠላሳ አንድ ዓመት ከግድቡ ሥር ባለው ዋሻ የሚሰርገውን ውሃ ስለካ ኖሬ ነው ጡረታ የወጣሁት። ሃያ ሁለቱን ዓመት ከአጭሬ ጋር ነው የሠራሁት። እሱ ዛሬም ይገባል፤ አሁን ግን ብቻውን። ቁመቱ አጭር አይደለም። ዋሻው ውስጥ ጎብጦ ስለሚሄድ ነው ስሙ የወጣለት። አሁን ውጭም መቃናት አቅቶታል።

ግድብ ሁሉ ያፈሳል። የሚወጣው ውሃ ጥርት ያለ ከሆነ ከግድቡ በታች የሚኖር ሰው በሰላም ይተኛል። እኛ የምንኖረው ከግድቡ በታች ነው። ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ውሃ ግን ድፍርስ ነበር። እስኪሰክን ጠበቅን። ከሥሩ የጣት ውፍረት ያለው ደለል ተኛ። ይህ ማለት ውሃው የግድቡን ሆድ ከውስጥ እየጠረገ ይዞ እየወጣ ነው።

ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ጠየቅሁት። ከሰኞ አለኝ። ለግድቡ ኢንጂነር ነግሮታል። ኢንጂነሩ ዝናብ ነው ብሎታል። ሦስት ሳምንት ጠብ ያለ ነገር የለም ሲለው፣ ወደ ላይ ዘንቦ ይሆናል አለው።

የዋሻው ስልክ ከተበላሸ ስድስት ወሩ ነው። የአደጋው ጡሩምባ ቢነፋ ውስጥ ያለ ሰው አይሰማም፤ አንድ ሰው ደረጃውን ወርዶ መጥራት አለበት። በእኛ ጊዜ አንዱ ሲገባ አንዱ በር ላይ የሚቆመው ለዚህ ነበር።

እንዳይገባ ለመንኩት።

«እኔ ካልለካሁ ማን ያውቃል?» አለ። ጠርሙሱን ትቶልኝ ሄደ።

በማግስቱ ራሴ የኢንጂነሩ ቢሮ ሄድኩ። ኢንጂነሩ ወንበር ስቦልኝ፣ አባባ ብሎኝ፣ ጤናዬን ጠየቀኝ። ጡረታ የወጣ ሰው ማረፍ አለበት አለ። የቤተሰቡ ፎቶ የነበረበት ግድግዳ ላይ ምስማሩ ብቻ ቀርቷል። አየሁት፤ ማየቴንም አየ።

«ቀለም ልናስቀባ ነው» አለኝ። እኔ አልጠየቅሁትም።

ስመለስ ፀጉር ቤት ገብቼ ለነበሩት ሰዎች ሁሉ ነገርኩ። ፀጉር አስተካካዩ መቀሱን ሳያቆም፣ ውሃ ከመጣማ ተገላገልን፣ ቧንቧችን ከደረቀ ሳምንቱ ነው አለ። ሁሉም ሳቁ። አንዱ ብቻ ሳይስቅ ሒሳቡን ከፍሎ ወጣ፤ ፀጉሩ ገና በግማሽ ነበር።

ቤት ስገባ ሁለት ጠፍጣፋ የከረሜላ ቆርቆሮ አወጣሁ። ዋሻ የሚገባ ሰው ሁሉ ወገቡ ላይ ለክፉ ቀን የሚሆን እንዲህ ያለ ቆርቆሮ ነበረው። መዳፍ ውስጥ የሚገባ፣ ሲሮጡ የማይከብድ፣ የአንድ ሰው ብቻ። ደንቡ ግን ማንም የራሱን አይሞላም ነበር። የራሱን የሚሞላ ሰው የሚወደውን ይከታል። አጭሬን ብትተወው ሲጋራ ብቻ ይዞ ይገባ ነበር። ስለዚህ የእሱን እኔ፣ የእኔን እሱ እንሞላለን። ባልደረባህ የሞላልህንም ክፉ ቀን ካልመጣ አትከፍትም።

ለባለቤቴ ይህን ነገርኳት። የሚሞላውን ዕቃ ሁሉ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፍኩና አንዱን ቆርቆሮ ሰጠኋት።

«ሠላሳ ዓመት ምሳ ቋጠርኩልህ፤ አሁን ደግሞ ይሄ መጣ» አለችና ጀርባዋን ሰጥታኝ ተቀመጠች። እኔም ጀርባዬን ሰጠኋት።

የእሷን ስሞላ መጀመሪያ ፊሽካ አደረግሁ። ድምጿ ቀጭን ነው፤ ብትጣራ አትሰማም። ክብሪቱን ጫፍ ጫፉን ሰም አስነክቼ በላስቲክ ጠቀለልኩ። ግማሽ ሻማ። በካርቶን የተሸፈነ ምላጭ። ሁለት ክንድ ሲባጎ። ፋሻ። ድፍርስ ውሃ የሚያክም ክኒን ስምንት ፍሬ። ሰው ሙሉ የሚሸፍን ስስ ላስቲክ፣ ታጥፎ ታጥፎ ክብሪት ሣጥን ያከለ። አራት ከረሜላ። አንድ ጥግ ባዶ ተውኩ፤ ለልብ መድኃኒቷ። ሳትወስድ ሁለት ቀን ካለፋት ከንፈሯ ይጠቁራል፤ ሦስተኛውን ቀን አይተን አናውቅም።

መድኃኒቱ መደርደሪያው ላይ አልነበረም። የት እንዳለ ጠየቅኋት። እኔ ይዤዋለሁ፣ አንተ ክደነው አለች። ከደንኩት።

የእኔን በክር አስራ ሰጠችኝ። ቀበቶዬ ላይ አድርጌ ወደ በሩ ስራመድ ቆርቆሮው ተንኮሻኮሸ። ያን ድምፅ መድኃኒቷን ስትወስድ ጠዋትና ማታ እሰማዋለሁ። በሠላሳ አንድ ዓመት ሥራዬ ባልደረባ የሞላልኝን ቆርቆሮ ያለ ክፉ ቀን ከፍቼ አላውቅም። ክሩን በጠስኩት።

መድኃኒቷ ሙሉ ብልቃጡ እዚያ ነበር። አንድ ፍሬ እንኳ ለራሷ አላስቀረችም።

«ይሄ የእኔ ቆርቆሮ ነው» አልኳት።

«አውቃለሁ።»

«መድኃኒቱ የአንቺ ነው።»

«እሱንም አውቃለሁ።» ዕቃውን ከጠረጴዛው ላይ መሰብሰብ ቀጠለች። «ጡሩምባው ሲነፋ እኔ ሽቅብ ወደ እህቴ ቤት እሄዳለሁ። አንተ ወዴት እንደምትሄድ ደግሞ ሳትነግረኝ አውቀዋለሁ።»

አጭሬን ለመጥራት ደረጃውን በሐሳቤ ስንት ጊዜ ወርጄዋለሁ።

«ደንባችሁ የሚያስፈልገውን ሙላለት አይደል የሚለው?» አለች። «ወደ እኔ የሚመልስህን ሞላሁልህ።»

መልሼ ከደንኩት። በጠስኩት ክር ፈንታ ላስቲክ አሰርኩበት። ማታ አጭሬ ቤት ሄጄ ቆርቆሮህን ስጠኝ ልሙላልህ አልኩት። ሳቀ። ብቻውን የሚገባ ሰው ባልደረባ የለውም፣ ተወው አለኝ።

ጡሩምባው ሐሙስ ረፋድ ተነፋ። አራት ሰዓት ከሩብ ነበር።

ወጣን። ጎረቤቱ ሁሉ መንገድ ላይ ነበር። ፀጉር አስተካካዩ ፎጣውን ትከሻው ላይ እንዳደረገ አለፈን፤ አላየኝም። ከትምህርት ቤቱ አጥር ጥግ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። በግራ ወደ ግድቡ፣ በቀኝ ወደ ኮረብታው። በግራ የሚሄድ ሰው አልነበረም። ደህና እግር ላለው ሰው እስከ ዋሻው በር ሃያ ደቂቃ ነው።

እዚያ ቆምኩ። እሷም ቆመች። አልያዘችኝም፤ ሂድም ቅርም አላለችኝም። የምታየው ኮረብታውን ነበር፤ እጆቿ መቀነቷ ላይ። ማድረግ የነበረብኝ ነገር ቀላል ነበር። ክዳኑን ከፍቼ ብልቃጡን እጇ ላይ ማስቀመጥ። ከዚያ በኋላ እግሬ የራሱን ያውቃል።

እጄ ላስቲኩ ላይ ደረሰ። ከንፈሯን አየሁት። ከሩጫው ብዛት አሁኑኑ መጥቆር ጀምሯል።

እጄን መልሼ ክንዷን ያዝኩና ወደ ቀኝ ታጠፍን።

ዳገቱ እኩሌታ ላይ ትንፋሿ አጠራት፤ ድንጋይ ላይ አስቀመጥኳት። ጡሩምባው ቆሟል። ከታች ከውሃው በፊት ነፋስ መጣ፤ ቀዝቃዛና ጭቃ ጭቃ የሚሸት፣ የዋሻው ነፋስ። የዛፎቹን ቅጠል በአንድ ጊዜ ገለበጣቸው።

«ዛሬ ገብቷል?» አለችኝ።

«በአራት ሰዓት ነው የሚገባው።»

ሰዓቱን አልጠየቀችኝም።